በሩ ጠፋ ተብሎ ቤቱ ለምን ይፈርሳል?

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እኔ ላለፉት 16 ዓመታት በአዲስ አበባ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም)፣ ማለትም ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን ጭነው የሚሠሩ ሰዎች፣ ማሽናቸው አንድ ቀን አልነሳ ሲል በአምስት ደቂቃ ሊስተካከል በሚችል ችግር የተነሳ የዓመታት ሥራቸውን ሲያጡ ደጋግሜ ስላየሁና ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ የታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ለመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ክረምት ወሎ ውስጥ እየተዘዋወረ የ14 አዛውንቶችን ድምፅ ቀርጿል። ቅጂዎቹን ያስቀመጠው በሊኑክሱ በኩል ነበር፤ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ በዊንዶውሱ በኩል ያሉትን ፋይሎቹን እየደበቀ አስቸግሮት ኖሯልና። ዊንዶውሱን ደግሞ ያላጠፋው በፓወር ግዕዝ የጻፋቸው የቆዩ ሰነዶች ስለነበሩት ነው። አንድ ማለዳ ላፕቶፑን ሲከፍት በጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታየና ማሽኑ ጠፋ። በአቅራቢያው ወዳለ ጥገና ቤት ወሰደው። «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ፎርማት መደረግ አለበት» አሉት፤ ተስማማ፤ በማግስቱ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበትና ውስጡ ባዶ የሆነ ላፕቶፕ ተረከበ። እኔ ዘንድ የመጣው የጠፋውን ማስመለስ ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዓይነት በመሆኑና በላዩም ላይ አዲስ ስርዓት ስለተጻፈበት አንዲትም ቅጂ ማውጣት አልቻልኩም። የተረፉለት በስልኩ ላይ ቀርተው የተገኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ድምፃቸው ከጠፋው አዛውንቶች አንዱ በዚያው ዓመት አርፈዋል።

ተማሪው ያንን ጥቁር ስክሪን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ስለነበር አሳየኝ። ጽሑፉን ሳነብ ዲስኩ ምንም እንዳልነካው፣ ቅጂዎቹም ፎርማት እስከተደረገበት ሰዓት ድረስ በቦታቸው እንደነበሩ ተረዳሁ። በጽሑፉ ላይ ምን እንደነበረ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ ግን ኮምፒውተር ሲበራ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው ነገር ግልጽ አይሆንም።

የማብሪያውን ቁልፍ ስንጫን በመጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም፤ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር በመጣው የባዮስ አሠራር፣ ፈርምዌሩ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነብባል። ከዚያ ውስጥ ለአስነሺው ፕሮግራም የተተወው 446 ባይት ብቻ ሲሆን፣ 64ቱ የፓርቲሽኖቹ፣ ማለትም ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ደግሞ ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። በዚህ በጠበበ ቦታ ላይ በመጨረሻ የጻፈው ስርዓት የቀደመውን ይደመስሰዋል፤ ቀድሞ «ዊንዶውስ ከሊኑክስ በኋላ ከተጫነ ሊኑክስን ያጠፋዋል» ይባል የነበረው ከዚህ የተነሳ ነው። ያኔም ቢሆን የሚጠፋው ያ 446 ባይት እንጂ ሊኑክሱ ራሱ አልነበረም። ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአሁኑ አሠራር ግን በዲስኩ ላይ ለማስነሻ ብቻ የተለየ አነስተኛ ፓርቲሽን አለ፤ ዊንዶውስ ራሱ ሲያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ያህል ነው። ዊንዶውስ በዚያ ውስጥ የራሱ ፎልደር አለው፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱም የራሱ አለው። ከእነዚህ የትኛው በቅድሚያ እንደሚጠራ የሚወስነው ዝርዝር ግን በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል።

ደንበኞቼን የማስረዳው በግቢ ምሳሌ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ፤ በሩ ላይ እንግዳን እየተቀበለ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው የሚመራ ዘበኛ አለ። ቡትሎደር የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ዘበኛው ነው፤ በሊኑክስ በኩል ስሙ ግራብ፣ በዊንዶውስ በኩል ቡት ማናጀር ይባላል። ዘበኛው ቢታመም፣ ቢቀየር ወይም የአንዱን ቤት መንገድ ቢዘነጋ እንግዳው ደጅ ላይ ይቆማል፤ በቤቶቹ ውስጥ ያለው ንብረት ግን እንደተቀመጠ ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ዘበኛው አልከፍት አለ ተብሎ ሁለቱንም ቤቶች ማፍረስ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው ወደ ገበያችን ከሚገቡት ላፕቶፖች ውስጥ በእኔ እጅ የሚያልፉት ብዙዎቹ ከዚያ የቀደሙ ናቸው። በመሆኑም ባለቤቶቻቸው ሊኑክስን መጨመር ጀምረዋል፤ ዊንዶውሱን ግን አይለቁትም፤ የሒሳብ ባለሙያው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አለበት፣ ጸሐፊዋ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የቢሮ ሰነዶች አሉባት። ሁለቱን አብሮ መያዝ በእኔ እምነት ብልህ አሠራር ነው፤ ራሴም ለብዙ ሰው ጭኛለሁ። የጥገናው ልማዳችን ግን አንድ ዲስክ አንድ ዊንዶውስ ብቻ ይይዝ በነበረበት ዘመን ላይ እንደቆመ ነው።

ማሽኑ አልነሳ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «በስክሪኑ ላይ ምን ተጽፏል?» የሚለው ነው። ለምሳሌ የምርጫ ዝርዝሩ ሳይታይ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተከፈተ፣ የሆነው የቅደም ተከተል ለውጥ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲያደርግ ራሱን የመጀመሪያ ሊያደርግ ይችላል። ኮምፒውተሩ እየተነሳ ሳለ የማስነሻ ምርጫውን የሚያወጣውን ቁልፍ በመጫን፣ ይኸውም በዴልና በአብዛኞቹ ሌኖቮ ላፕቶፖች ኤፍ 12፣ በኤች ፒ ኤፍ 9፣ ኡቡንቱ የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ከተነሳ በኋላ ቅደም ተከተሉን በፈርምዌሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ማቃናት ነው። በተቃራኒው ዝርዝሩ ታይቶ ዊንዶውስ ከውስጡ ከታጣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከግራብ በኩል ነው። ግራብ በ2013 ዓ.ም. ከወጣው ከ2.06 እትሙ ጀምሮ በዲስኩ ላይ ያሉ ሌሎች ስርዓቶችን ፈልጎ የመዘርዘር ሥራውን ለደህንነት ሲባል እንዲያቆም ተደርጓል። በግራብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ለውጦ ዝርዝሩን እንዲያድስ ማዘዝ ዊንዶውሱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። «ዊንዶውሴን ኡቡንቱ በላው» ብለው እየተጨነቁ የመጡ ሰዎች ሲፈታላቸው ያየሁት በዚህች አንዲት መስመር ነው።

ሰውን ይበልጥ የሚያስደነግጠው «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ቃል ብቻ የሚታይበት ጥቁር ስክሪን ነው። ይህ የሚሆነው ዘበኛው ራሱ ተገኝቶ፣ መመሪያው የተቀመጠበት ክፍል ሲጠፋበት ነው። በሰኔ ወር መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት፣ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያደሩ በሚመስል ፊት ላፕቶፓቸውን አመጡልኝ። የድርጅታቸው የዓመቱ ሒሳብ በፒችትሪ ውስጥ ነው። በስልክ ያማከሯቸው ሰው ፎርማት ከማድረግ ሌላ መፍትሔ የለም ብሏቸዋል። ከዚያ በፊት ምን እንዳደረጉ ብጠይቃቸው፣ ድራይቭ ዲ ስለሞላባቸው በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ውስጥ ስም የሌለውና ማንም የማይጠቀምበት የመሰላቸውን ፓርቲሽን እንደሰረዙ ነገሩኝ። ያ ስም የለሽ ፓርቲሽን ሊኑክሱ ነበር። ዊንዶውስ የሊኑክስን የፋይል አደረጃጀት ስለማያነብ፣ የሞላውን ቤት ባዶ መስሎ እንዲታይ ያደርገዋል። ኤፍ 12 ተጭኜ ከዝርዝሩ የዊንዶውስ ቡት ማናጀርን መረጥሁ፤ ዊንዶውሱ እንደወትሮው ተከፈተ፣ ፒችትሪውም ከነሒሳቡ ተገኘ። ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የተሰረዘውም ፓርቲሽን ገና ምንም ስላልተጻፈበት ቴስትዲስክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መልሼ በሠንጠረዡ ላይ አስመዘገብኩት፤ ሊኑክሱም ተነሳ። እኒያ ሴት ያንን የስልክ ምክር ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር እስካሁን አስበዋለሁ።

አሁን ወደ ተማሪው ፎቶ ልመለስ። ሴኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ አለ፤ ሥራው ፈርምዌሩ የታመነ ፊርማ የሌለውን አስነሺ ፕሮግራም እንዳያስነሳ መከልከል ነው። ሊኑክስ በዚህ ጥበቃ ውስጥ የሚያልፈው ሺም በሚባል፣ ማይክሮሶፍት በፈረመበት አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት ነው፤ ፈርምዌሩ ሺምን ያረጋግጣል፣ ሺም ግራብን ያረጋግጣል፣ ግራብ ደግሞ ከርነል የሚባለውን የሊኑክሱን እምብርት። እ.ኤ.አ. በ2022 በግራብ ውስጥ ተገኝቶ ይፋ የሆነ የደህንነት ቀዳዳ ስለነበረ፣ ማይክሮሶፍት በነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው አፕዴት ያረጁትን የሊኑክስ አስነሺዎች የሚከለክል ኤስባት የሚባል መመዘኛ አስገባ። ኩባንያው መመዘኛው ሁለት ስርዓት የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች እንደማይነካ አስታውቆ ነበር፤ ይሁንና የአንዳንዶቹን አጫጫን ሳይለየው ቀረና በብዙ አገሮች ያሉ ሰዎች ኡቡንቱን ሲመርጡ፣ የሺም የኤስባት ማረጋገጫ እንደወደቀና አንድ ነገር ክፉኛ እንደተበላሸ የሚገልጽ ጽሑፍ እየታየ ማሽኑ ይጠፋባቸው ጀመር። የተሟላው ማስተካከያ የመጣው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. አፕዴት ነው። በእኛ አገር ብዙው ሰው አፕዴት የሚያደርገው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርስ በመሆኑ፣ ተማሪው ላይ ችግሩ የደረሰው አፕዴቱ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ ነበርና ማንም ከዚያ ጋር አላያያዘውም።

«ክፉኛ ተበላሽቷል» የሚለው ጽሑፍ የሚያስደነግጥ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ስለ ዲስክ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ፊርማ ነው። መፍትሔው ወደ ፈርምዌሩ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ማጥፋት፣ ኡቡንቱን ማስነሳት፣ ሞክዩቲል በሚባለው መሣሪያ የኤስባቱን መመዘኛ ማንሳት፣ ሺምንና ግራብን ወደ አዲሱ እትም ማሳደግ፣ ከዚያም ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት ነበር። ዊንዶውሱማ ያን ቀንም ቢሆን በማስነሻ ምርጫው በኩል በደህና ይከፈት ነበር። የ11 አዛውንቶች ድምፅ የጠፋው ይህን አንድ ሰው ቆም ብሎ ባለማንበቡ ነው።

ወደፊትም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመን ስለሚችል የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ሴኪዩር ቡት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራባቸው የማይክሮሶፍት ዲጂታል የምስክር ወረቀቶች የአገልግሎት ዘመን ማብቃት የሚጀምረው በሰኔ 2018 ዓ.ም. ነው፤ በምትካቸው እ.ኤ.አ. የ2023 ወረቀቶች ተዘጋጅተዋል። ይህ ማለት በዚያ ቀን ኮምፒውተሮች ሁሉ መነሳት ያቆማሉ ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የተፈረመው አስነሺ መሥራቱን ይቀጥላል። በአዲሱ ወረቀት ብቻ የተፈረመ አስነሺ ግን ወረቀቱ ባልገባበት አሮጌ ፈርምዌር ላይ ተቀባይነት ስለማያገኝ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ሲመጣ የዲስክ ብልሽት ነው ብለን እንዳንሳሳት አደራ እላለሁ።

በሙያችን ውስጥ በዓይኔ ያየሁትና ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ችግር ደግሞ በጥገናው ወቅት የሚፈጠረው ነው። ባለሙያው አሮጌ ፍላሽ ማስነሳት ስለሚፈልግ ማሽኑን ከዩኢኤፍአይ ሌጋሲ ወደሚባለው ወደ ቀድሞው የባዮስ አሠራር ይቀይረዋል፤ ሥራውን ሲጨርስ መመለሱን ይረሳል። ከዚያ በኋላ የሚነሳ ዲስክ እንዳልተገኘ የሚገልጽ መልእክት ይታያል፣ ዲስኩም «ሞተ» ይባላል። ወይም ደግሞ ፍላሹን በሌጋሲ አስነስቶ ግራብን እንደገና ይጭናል፤ ግራቡም ስርዓቶቹ ባልተጫኑበት አሠራር ስለሚጻፍ ችግሩ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ስርዓቶቹ በየትኛው አሠራር እንደተጫኑ ሳያጣሩ ጥገና መጀመር አይገባም፤ የሚጠግነውም ፍላሽ በዚያው አሠራር መነሳት አለበት። ዲስኩ በእርግጥ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ። ፈርምዌሩ ውስጥ ገብቶ የዲስኩ ስምና መጠን መታየቱን ማየት ነው፤ ከታየ፣ ችግሩ ከአስነሺው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከቶ ካልታየ ያኔ ስለ ኬብልና ስለ ዲስክ እንነጋገራለን። በአሮጌ ማሽኖች ላይ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ሲያልቅም የፈርምዌሩ ማስተካከያ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለስና እንዲሁ ያለ መልእክት ያመጣል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወደ ፈርምዌሩ መግባት መቻሉን ያረጋግጥ፤ የቀድሞው ባለቤት የቆለፈበት ከሆነ ከላይ ከጠቀስኳቸው ማስተካከያዎች ብዙዎቹን ማድረግ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ሳያጣሩ ፈርምዌሩን መነካካትም ጉዳት አለው፤ ይኸውም ቢትሎከር ነው። ቢትሎከር ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚዘጋ የዊንዶውስ ጥበቃ ሲሆን፣ የማስነሻው ቅደም ተከተል ወይም ሴኪዩር ቡት ሲለወጥ ሌባ የመጣ መስሎት 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። በቅርብ ጊዜዎቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይህ ምስጠራ ባለቤቱ ሳያውቀው በራሱ ሊበራ ይችላል፤ ቁጥሩም የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልማድ ይጎዳናል፤ ላፕቶፕ ሲሸጥ ሻጩ ለገዢው «ልክፈትልህ» ብሎ ባገኘው የኢሜይል አድራሻ ይከፍተዋል፣ ገዢውም አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም አያውቅም። ቁልፉ የጠፋበትን የተመሰጠረ ዲስክ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ ልንከፍተው አንችልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዊንዶውሱ በሚሠራበት ቀን ያንን ቁጥር በወረቀት ጽፎ፣ ከላፕቶፑ ቦርሳ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

መብራት መቋረጥም የራሱ ድርሻ አለው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለ ዩፒኤስ ሲሠራ፣ ሊኑክሱ ከርነሉን በሚያድስበት ሰዓት መብራት ከጠፋ፣ አዲሱ ከርነል በግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ኡቡንቱ የቀደመውን ከርነል ስለማያጠፋው፣ በግራብ ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍቶ የቆየውን መምረጥ፣ ከተነሳም በኋላ ያልተጠናቀቀውን ጭነት ማስጨረስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከዚሁ ጋር፣ ከማስነሳት ችግር ባይቆጠርም ሁለት ስርዓት ያለውን ሰው ሁሉ የሚያደናግረውን የሰዓት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት። እኛ ከዓለም አቀፉ መለኪያ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ከሊኑክስ ወጥቶ ዊንዶውስ የገባ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ንጋት 12 ሰዓት ነው ይለዋል። ሰዎች ባትሪው ደክሟል ተብለው ባትሪ ሲያስቀይሩ አይቻለሁ፤ ባትሪው ምንም አልሆነም። ሊኑክሱ በአካባቢው ሰዓት እንዲሠራ በአንድ ትእዛዝ መንገር ያስተካክለዋል።

የፍላሹ ነገር ግን ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የሚገባ ነው፤ ከዚህ ሁሉ የምለምነው ዋናው ነገር እርሱ ነውና። ኡቡንቱን በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ ብቻ ማስነሳት ይቻላል። ምንም ሳይጭኑ የመሞከር ምርጫ ስላለው በዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል አይጽፍም። በዚህ መንገድ የተነሳ ኮምፒውተር የዊንዶውሱንም የሊኑክሱንም ፓርቲሽኖች ከፍቶ ያሳያል፤ የደንበኛውን ሰነድ፣ ፎቶና ድምፅ ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ዊንዶውሱ ፋስት ስታርትአፕ በሚባለው አሠራር ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቆይቶ ከሆነ ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ክፍል ለንባብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል፤ ለመገልበጥ ንባብ ይበቃልና በግድ ለመክፈት መሞከር አያስፈልግም። ቅጂው ተወስዶ ካበቃ በኋላ ግራብን ከዚያው ፍላሽ እንደገና መጫን፣ ወይም ቡት ሪፔር የሚባለውን መሣሪያ መጠቀም ይቻላል። የዊንዶውሱም አስነሺ ቢጎዳ ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ላይ አስነሺውን ብቻ መልሶ የሚጽፍ ትእዛዝ አለ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ያኔ ባለቤቱ ቅጂው በእጁ ሆኖ ፎርማት ይደረግ ቢል አልቃወምም።

አውቃለሁ፣ ፎርማት ማድረግ ለባለሙያው ቀላል ነው፤ ዋጋው የታወቀ ነው፣ የሚፈጀው ሰዓትም እንዲሁ። ደንበኛውም «ዛሬ እፈልገዋለሁ» ብሎ ያጣድፋል። ቢሆንም ባልደረቦቼን በሙያ ክብር የምጠይቃቸው፣ ማንኛውም ዲስክ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ነገር ደንበኛውን ይጠይቁ፤ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ሌላ የተጫነ ነገር አለ?» እና «ቅጂ ያላስቀመጡለት ሥራ አለዎት?» ብለው። ከፍላሽ አስነስቶ መመልከት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ለዚያ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቅም ደንበኛው አይከፋም። ደንበኞችም በበኩላቸው ስክሪኑን በስልካቸው ፎቶ ሳያነሱ ማሽኑን ለማንም እንዳይሰጡ፣ በተለይም ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ፎርማት ከተደረገ በኋላ የማስመለሱ ዕድል በእጅጉ እንደሚጠብብ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ጋዜጣችሁም በቴክኖሎጂ ዓምዱ ስለ አዳዲስ ስልኮች ከሚጽፈው ጎን ለጎን ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ቦታ ቢሰጥ፣ ብዙ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ከጉዳት ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ያ ተማሪ ባለፈው ክረምት ወደ ወሎ ተመልሶ ነበር። ድምፃቸው ጠፍቶ በሕይወት ካሉት 10 አዛውንቶች የሰባቱን ድምፅ ዳግም ቀረጸ፤ ሁለቱ በሕመም ምክንያት መናገር አልቻሉም፣ አንዱ ደግሞ ከአካባቢው ለቀው ሄደዋል። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስንና ኡቡንቱን እንደቀድሞው ጎን ለጎን ጭኜለታለሁ። ቅጂዎቹ አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጠዋል፤ ከላፕቶፑ ግርጌ በለጠፍነው ወረቀት ላይም በዚህ ማሽን ሁለት ስርዓት እንዳለና ሳይጠየቅ ፎርማት እንዳይደረግ በጉልህ የአማርኛ ፊደል ተጽፏል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ